ሟቹ እሺ ያሉ ዕለት

«አባባ እሺ ይላሉ፤ ምንም አትስጋ። እሺ ከማለት በቀር ሌላ መልስ እንዳይኖራቸው አድርጌ ሳንቲሞቹን ራሴ ቀብቻቸዋለሁ።»

ሄርሊና ይህን የሰማችው በጆሮ ማዳመጫዋ ነው። አጎቷ ሃርያንቶ ከጓዳው ጀርባ፣ ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ እሷ ደግሞ በሁለት ክፍል ርቀት፣ የአያቷ ፎቶ በተሰቀለበት መሠዊያ ፊት ካሜራዋን ታስተካክላለች። ጠዋት ኮሌታው ሥር የሰካችለትን ማይክ ረስቶታል። ሁለት ወር ሙሉ ስትሰካላቸው ስትነቅልላቸው ከርማ፣ ቤተሰቡ ማይኩን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ተረቱ አልሠራም፤ ሄርሊና ስለ ራሷ የሚባለውን አንድም ሳይቀር ሰማች። «ኧረ ልጅቱ ምንም አታውቅም» ይላል አጎቷ። «ቀረጻውን ያመጣው አባቷ ነው፤ ኢርዋን። ‹ሊና ካሜራ ይዛ ከቆመች እትዬ ስዊኒዮ ነገ ተነሥታ አልተጠየቁም፣ አላሉም ማለት አትችልም› አለኝ። ያ የላክሁልህ የቤቱ ቪዲዮስ? የሷው ነው እኮ! እሷ ለአባቷ፣ አባቷ ለኔ፣ እኔ ላንተ። ብርሃኑን አየኸው? ገዝተህ ለምትከፍተው ካፌ የተሠራ አይመስልም?» ሳቀ። ከዚያ ውሃ ሲፈስ ተሰማ፤ እጁን እየታጠበ ነበር።

ያ ቤት ያለ አክስት ስዊኒዮ ፈቃድ አይሸጥም። አያቷ ሲሞቱ ቤቱን የተዉት ለሦስት ልጆቻቸው ነው፤ ለስዊኒዮ፣ ለሃርያንቶና ለኢርዋን። ወንዶቹ ወጥተው ሄደዋል፤ አንዱ ዳገቱ ላይ ወዳለው አዲስ ሰፈር፣ አንዱ ባሕር ማዶ ወደ ሆላንድ። ሴቲቱ ብቻ ቀሩ፤ አልጋ ላይ የዋሉ አባታቸውን ዓመታት አገላብጠው ቀበሩ፣ ከዚያም የሟቹ ስም የተጻፈበትን የመሠዊያ ሰሌዳ እያጠቡ፣ ለሟቹ ሻይ እየቀዱ፣ በኤሊ ቅርጽ የሚጋገረውን ቀይ የሩዝ ኬክ አንዱን በሦስት ሺህ ሩፒያ እየሸጡ ተቀመጡ። ወንድሞቻቸው ሽጪ ባሏቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አባባ ልቀቂው ካሉኝ እለቃለሁ። እሳቸው ሳይሉኝ ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው።» በሰማራንግ የቻይናዎች ሰፈር ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። ሙት ይጠየቃል፤ ሙትም ይመልሳል። በሙት ዓመቱ ምግቡ ይቀርባል፣ ሰንደል ይለኮሳል፣ ከዚያ ታላቁ ወንድ ልጅ አንድ ፊታቸው ቀይ የተቀባ ሁለት የድሮ ሳንቲሞች ወለሉ ላይ ይጥላል። አንዱ ቀይ አንዱ ባዶ ከሆነ እሺ ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ እምቢ ነው። ሁለቱም ቀይ ከሆኑ ሟቹ እየሳቁ ነውና ጥያቄህን አስተካክለህ ድገም ማለት ነው። አንዴ እሺ ካሉ ግን አይደገምም፤ ደግሞ መጠየቅ አባትን ውሸታም ማለት ነው፤ ይህን የሚደፍር የለም።

ሃርያንቶ ከተጠመቀ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሰንደል በእጁ አይነካም። በየዓመቱ የሙት ዓመቱ ሲደርስ በሩ ጋ ቆሞ ስልኩን ሲጎረጉር ይቆይና ምሳው ሲቀርብ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይቀመጣል። ዘንድሮ በራሱ አንደበት «ታላቁ ወንድ ልጅ እኔ አይደለሁ? እኔው እጠይቃቸዋለሁ» ሲል አክስት ስዊኒዮ ልባቸው ተነካ። ወንድማቸው የተመለሰላቸው መስሏቸው ከንጋት በፊት ተነሥተው ዶሮውን፣ ዓሣውንና የአሳማ ሥጋውን ሲያበስሉ፣ ኬኩን ሲጋግሩ ነጋላቸው። ሄርሊናም ደስ ብሏት ነበር። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያላት እሷ ነበረች፤ የፊልሟ መደምደሚያ ያለ ልመና መጣላት።

አሁን ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። በዘጠኝ ዓመቷ ነው ከአባቷ ጋር ወደ ሆላንድ የሄደችው፣ የቻይናዎች ሱቅ በየከተማው በተቃጠለበት ዓመት። እዚያ ማዶ ኢንዶኔዥያዊት ይሏታል፤ እዚህ ስትመጣ ሆላንዳዊት ትባላለች፤ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ሻጮቹ ቻይናዪቱ እያሉ ዋጋ ይጨምሩባታል። ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሠርታ ስሟ እዚህም እዚያም መጠራት ሲጀምር፣ «አሁን የራሳችንን ቤት ሥሪ» ያላት አባቷ ነው። «አክስትሽን ቅረጫት። እሷ ከሞተች ማን እንደሆንሽ ማን ይነግርሻል?» ሲላት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው አቅፎ ሲሸኛት «ወደ ቤትሽ ነው የምትሄጂው» ያላት እሱ ነው። ያ እንባ የምን እንባ ነበር? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

አክስት ስዊኒዮ የዓሣውን ሳህን ይዘው ገቡ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ ለጥፈው አስተኝተውታል። «ቃሪያ ሰባ ሺህ ገባ በይ» አሉ ሳህኑን ከፎቶው ፊት እያስቀመጡ። «ኪሎው ሰባ ሺህ! አባባ ቢሰሙ ምግቡን አንሱልኝ፣ አልበላም ነበር የሚሉት። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ? አልበላሽም?»

«በልቻለሁ አክስቴ።»

«ውሸታም። በኋላ ትበያለሽ፤ አባባ ሳይቀምሱ አንነካም እንጂ» ብለው የብርቱካኑን ክምር አቃኑ። ሄርሊና ልትናገር አፏን ከፈተች። ይህን ጊዜ አጎቷ እጁን በመሐረብ እያበሰ ገባ። ፈገግ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና «ካሜራሽ ተዘጋጀ?» አላት። እሷም፣ የሁለት ወር ልማድ መቼ ይለቃል፣ መቅረጫውን ተጫነች።

አጎቷ ሦስት የሰንደል ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «አባባ፣ በልተው ከጠገቡ አንድ ነገር ልንጠይቅዎ ነው» አለ። «ቤቱ አርጅቷል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው እስከዚህ ይገባል። እትዬ ብቻዋን ናት። ብንሸጠው ይፈቅዱልናል ወይ?» አክስት ስዊኒዮ የሳንቲሞቹን መሳቢያ ሊከፍቱለት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ከሸሚዝ ኪሱ አወጣ። የእሳቸው እጅ እዚያው መሳቢያው ላይ ቀረ። ሳንቲሞቹ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ አንደኛው ተንከባሎ የወንበሩን እግር መታና ተኛ። አንዱ ቀይ። አንዱ ባዶ።

ያን ጊዜ አክስት ስዊኒዮ ቀና ብለው ያዩት ሳንቲሞቹን አልነበረም። ወንድማቸውንም አላዩም። ሄርሊናን አዩዋት፤ ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ በላይ ያለውን ፊቷን። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «ይገልብጧቸው» ማለት ብቻ። ቢገለበጡ አንደኛው በሁለቱም ፊቱ ቀይ፣ ሌላኛው በሁለቱም ፊቱ ባዶ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ግን ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በአክስቷ ግማሽ ፊት ላይ አርፎ ነበር፤ የሰንደሉ ጭስ በመሐላቸው ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር፤ እውነቱን እንናገር ካልን ምስሉ ያምር ነበር። እንዲህ ያለ ምስል ስትመኝ ነው የኖረችው። ይሄ ብቻ ይለቅ፣ ከዚያ እናገራለሁ አለች በሆዷ። አጎቷ ጎንበስ ብሎ ሳንቲሞቹን በአንድ እጁ ዘገነና ኪሱ ከተታቸው።

«እሺ ብለዋል» አለ። «ሊና፣ ተቀርጿል አይደል?»

«ተቀርጿል» አለች።

ምሳው ላይ የተናገረ ሃርያንቶ ብቻ ነው። ስለ መኪና ማቆሚያ ክፍያ አወራ፤ ስለ አሳማ ሥጋ ዋጋ አወራ፤ ዳገቱ ላይ ስላለው ሰፈር ነፋሻ አየር አወራ። ሁለተኛ ጊዜ ሩዝ ሲጨምር «እትዬ፣ እጅሽ አሁንም ያው ነው» አለ። አክስት ስዊኒዮ መረቁን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። ለሄርሊና የዶሮውን ጭን አወጡላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሷ ድርሻ ነው። እሷ ግን ሩዙን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ቆየች። እሱ ወሬውን ሲያቆም የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ዝምታ ሲወድቅ ደስ ይላት ነበር፤ ለፊልሙ ይሆናል ብላ ማይኩን ታቀርብ ነበር። ዛሬ ጮኸው ቢሰዳደቡላት በወደደች። ሊወጣ ሲል አጎቷ ኮሌታውን አስተካክላለሁ ብሎ ማይኩን በጣቱ ነካው። ነቀለው። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው፤ ከዚያ እሷን አያት።

«ይሄ... ሲሠራ ነበር እንዴ?»

«ሲሠራ ነበር።»

ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ማይኩን መዳፏ ላይ አስቀመጠና «አባትሽን ጠይቂው» ብሎ በግማሽ በተከፈተው የብረት በር ሸርተት ብሎ ወጣ። መኪናው ከጠባቡ መንገድ ወደ ኋላ ሲወጣ የጎረቤት ሰው «ቀኝ! ቀኝ! በቃ!» እያለ ሲመራው ተሰማ።

ሄርሊና ወደ ላይ ወጥታ አሮጌ ጨርቅና የብስክሌት ጎማ በተከመረበት ክፍል ውስጥ ቆማ ደወለች። እዚያ ማዶ ገና ማለዳ ነው። አባቷ የሚታኘክ ነገር አፉ ውስጥ አድርጎ አነሣ። «ልጄ! ምሳ በላሽ? ሙቀቱ እንዴት ነው?» አላት። ይህ ሰውዬ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

«አባዬ፣ ሳንቲሞቹን ቀብቶ ማታለል የማን ሐሳብ ነው? ያንተ ወይስ የሱ?»

ማኘኩን አቆመ። «ሊናዬ፣ ቀስ ብለሽ ስሚኝ» አለ። «ያ ቤት እየሰመጠ ነው። አክስትሽ አንድ ቀን ተንሸራታ ትወድቃለች፤ ማንም አያነሣትም። ደግሞስ ለማን ብዬ ነው? ለፊልሙ ገንዘብ የሚሰጡሽ ሰዎች ሲተዉሽ ‹እኔ አለሁ፣ ፊልምሽን ጨርሺ› ያለሽ ማነው? ያለ ቤቱ ገንዘብ በምን ልትጨርሺው ነበር?»

«ገንዘቡ ከጡረታዬ ነው አልከኝ!»

«አባት ብዙ ነገር ይላል።»

«ቪዲዮዬንስ? ላንተ ብዬ ነው የላክሁት። እንድታየው፣ ቤትህን እንድታይ! ሳየው አልቅሻለሁ አልከኝ እኮ!»

«አልቅሻለሁ፤ አልዋሸሁሽም» አለ አባቷ፣ ድምፁ እውነት እየተንቀጠቀጠ። «ቆንጆ ነበር። ገዢውም አይቶ ወደደው። ፊልም ሰው እንዲያየው አይደል የሚሠራው?» ሄርሊና ዘጋችው። ደግሞ ደወለ፤ አላነሣችም። አልቅሶ ነበር፤ ካለቀሰ በኋላ ነው ለአጎቷ የላከው። ሌላ ሰው ቢሆን ክፉ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። ይህ ግን በልጅነቷ ጉንፋን ሲይዛት ሌሊት ሙሉ ጀርባዋን የሚያሽላት አባቷ ነው፤ በየት በኩል ትጥላው?

ወደ ታች ስትወርድ አክስት ስዊኒዮ ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሻይ ስኒዎቹን ያጥባሉ። ሄርሊና ከፊታቸው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ያለ ካሜራ ከፊታቸው ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከጉድጓዱ አጠገብ የሰማችውን፣ ሳንቲሞቹን፣ ቪዲዮውን፣ አባቷን። ማልቀሷን ያወቀችው አክስቷ እጃቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ አብሰው መሐረብ ሲሰጧት ነው። «ድምፁ ተቀድቷል» አለቻቸው። «አሁን ላሰማዎት እችላለሁ።»

«ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «የኛ ሳንቲሞች መሳቢያው ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት እኮ፤ ዓይን የለኝም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺስ?»

ስኒዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እያደረቁ ደረደሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መናገር ጀመሩ። «በአዲስ ዓመታችን አባትሽ ደወለልኝ። ‹ሊና ሁሉንም ታውቃለች፤ የምትመጣው ቤቱን ለመሰናበት ነው። ግን አፍራ አትነግርሽም፤ አንቺም አታንሺባት› አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ‹አክስቴ እንደገና ይግቡ፣ አክስቴ በሩን እንደገና ይክፈቱት› ስትይኝ፣ ይህች ልጅ ቤቴን ሊወስዱብኝ እንደሆነ እያወቀች እንዴት እንዲህ ትስቅልኛለች እል ነበር። ሌሊት ሌሊት አንጀቴ ያር ነበር። ጠዋት ግን ሳቅሁልሽ። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ሠርታ ትብላ አልኩ። ዛሬ ሳንቲሙ ሲወድቅ ፊትሽን አየሁት። አለማወቅሽ ገባኝ፤ ገና ዛሬ መስማትሽ ገባኝ። ደስ አለኝ ልጄ! ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ይህችስ የኔ ናት፣ አሁን ትናገራለች አልኩ። እኔ ብናገር አሮጊቷ ከቤቷ ላለመውጣት ወንድሟን ሌባ አለች ነው የሚባለው። አንቺ ግን የኢርዋን ልጅ ነሽ፤ አንቺ ብትናገሪ ማን ይክድሻል? ጠበቅሁሽ። ‹ተቀርጿል› አልሽ።»

ሄርሊና ሲሚንቶው ከሥሯ ቢከፈት በወደደች። ልናገር ነበር ብትል ማን ያምናል፤ ራሷም አላመነችም። «ነገ እንደገና እንጠይቃቸዋለን» አለች። «በራሳችን ሳንቲሞች። አጎቴን እጠራዋለሁ፤ ገዢውንም እጠራዋለሁ፤ ድምፁን አሰማቸዋለሁ። ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም ሊሸጠው አይችልም።»

«በአባባ ስም እሺ ተብሏል» አሉ አክስት ስዊኒዮ። «ምግባቸው ፊት፣ እኔም ቆሜ፣ አንቺም ቆመሽ። እሳቸው እንዳላሉ አውቃለሁ፤ ያልነው እኛ ነን። እንደገና ጠርቼ በልጆቻቸው ሙግት መሐል አላቆማቸውም። ሰባ ዓመት ያላዋረድኳቸውን አባት አሁን አላዋርድም። ምናልባት ብዬ ቤተ መቅደሱ አጠገብ ላለው የአሮጊቶች መጦሪያ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ ሰሌዳቸውንም እዚያ ይቀበሉልኛል። ቤቱን ይውሰዱት።» ተነሡና ስኒዎቹን ይዘው ወደ መሠዊያው ክፍል አለፉ። እሷም ተከተለቻቸው። ካሜራው እንደቆመ ነበር። አክስት ስዊኒዮ ከፊቱ ቆም ብለው አዩት፤ እንደ ባዕድ እንግዳ አዩት።

«ፊቴን ግን መልሺልኝ» አሉ።

«እንዴት አክስቴ?»

«ከዚህ ፊልም አውጪኝ። እጄንም፣ ድምፄንም። ሰው ተሰብስቦ እያየኝ፣ ቤቷን በፈገግታ ያስረከበች ደግ አሮጊት እንድባል አልፈልግም። የሳቅሁት ላንቺ ነበር እንጂ ለነሱ አይደለም።»

ሄርሊና ሳትፈልገው አእምሮዋ አሰበ፤ ሁለት ወር ያነሣችው ሁሉ የእሳቸው ፊት ነው። ያለ እሳቸው ፊልም የለም፤ የቀረው ግድግዳና የዝናብ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ያሰበችው እስትንፋስ እስክታወጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ አክስቷ ግን ያቺን እስትንፋስ ሰሙ።

«እሺ አክስቴ» አለች።

አክስት ስዊኒዮ ስኒዎቹን ከፎቶው ፊት አንድ በአንድ አስቀመጡ። «እሺ ማለት ይቀናችኋል» አሉ፣ ዘወር ሳይሉ። «አባትሽም እሺ ብሎኝ ነበር። በዚያ ዓመት፣ ከተማው ሲጨስ፣ አንቺን አቅፎ እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ ‹አትተወኝ› ስለው እሺ አለኝ።» ከዚያ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት፤ ሁለት ወር ሙሉ ለካሜራው ብለው ክፍት ያሳደሩትን በር።